እናቴ በአየር ላይ የገባችው ቃል

ዓርብ

ልናርፍ ነው ብለን ጫማችንን ስናጠልቅ አውሮፕላኑ ተመልሶ ወደ ሰማይ! ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ቤታችን ገብተናል፣ እናቴ ጋደም ብላለች፣ ሁለታችንም በሕይወት አለን። ይህን ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

ከአዲስ አበባ ስንነሣ ሰማዩ ደህና ነበር። ነቀምቴ አናት ላይ ስንደርስ ዝናብ፣ ደመና። ጎማው ሲወርድ ሰማሁት። በደመናው መሃል የበቆሎ ማሳ አየሁ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ አየሁ፣ አንድ አህያ ሳይቀር አየሁ። ከዚያ ድንገት ሞተሩ ጮኸ፣ ወንበሩ ጀርባዬን ገፋኝ፣ ማሳውም አህያውም ጠፉ።

ከኋላ "ያ ዋቀዮ!" ከፊት "እመቤቴ ድረሽ!" ጴንጤው፣ ኦርቶዶክሱ፣ ምንም ያልሆነው፣ ሁሉም በየቋንቋው አምላኩን ይጠራል። አንድ ሰውዬ ስልኩን አውጥቶ ሚስቱን ይቅርታ ይጠይቅ ጀመር። ኔትወርክ እንኳ የለም! እኔ ደግሞ፣ የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴትዮ፣ የአማርኛ መምህርት፣ "ሃርሜ! ሃርሜ!" እያልኩ እንደ ሕፃን ጮህኩ። እናቴን የምጠራት እንዲያ ነው፤ አማርኛው ከሸዋው አባቴ ነው፣ ነፍሱን ይማርና።

አብራሪው ቆይቶ በድምፅ ማጉያው፣ "መሮጫው በደንብ ስላልታየን ተነሥተናል፤ እንደገና እንሞክራለን" አለ። እንሞክራለን! እንዲህ ያለ ነገር ይሞከራል?

በሁለተኛው አረፍን። ጭብጨባ፣ እልልታ፣ የማያውቁትን ሰው መሳም።

ያልጮኸችው እናቴ ብቻ ናት። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣ ነበር። ጸሎት ላይ ናት ብዬ ነው የተውኳት።

መሄዳችንስ ለከንቱ ነው። ለጡቷ ካንሰር የጀመረችውን መድኃኒት አራተኛውን ዙር ልትወጋ ነበር። "ደሟ አንሷል፤ በሚቀጥለው ዓርብ ጠዋት መልሻት፤ ከዚያ ወዲያ ግን ማዘግየት አይሆንም" አለኝ ሐኪሙ። እዚያው እንቆይ ስላት "ቤቴን፣ ቤቴን" ብላ አንጀቴን በላችው። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። ለሐሙስ የመመለሻ ትኬታችንን ቆርጫለሁ። ስለ ሐሙስ ዛሬ አላስብም።

ቅዳሜ

ገበያ ወጣሁ። በአንድ ቀን የሰማሁት ይህ ነው፦

ጎማው አልወጣም ነበር።
ጎማው ወጥቶ ነበር፣ ግን አንዱ ወደቀ።
መሮጫው ላይ ላም ገብታ ነው።
ኡኬ ከተማ አጠገብ ማሳ ላይ አርፈን በሚኒባስ ነው የመጣነው።
አብራሪው ነቀምቴ ደሴ መስሎት ነው። (ይህን ያለችኝ ቲማቲም ሻጯ ናት፤ በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ ጨረሰችው፤ ፊቷ ላይ ሳቅ የሚባል የለም።)

"እኔ እኮ ውስጡ ነበርኩ" ብላትም አላመነችኝም።

ቤት ስመለስ ጠያቂ ሞልቷል። እናቴ ለሁሉም "ገለኒ ዋቀዮፍ፣ ለእግዚአብሔር ምስጋና" ትላለች፣ ሌላ ነገር አትጨምርም። ምሳዋን ጥርግ አድርጋ በላች። ከመድኃኒቱ ወዲህ እንዲህ በልታ አታውቅም። እኔ ደግሞ የወፍጮ ቤቱ ሞተር ሲነሣ ብርጭቆ ለቀቅኩ። በሽተኛዋ ማን እንደሆነች ለማያውቅ ሰው እኔን ነው የሚያስተኛኝ።

እሑድ

ጉድ ፈላ።

ቤተ ክርስቲያን ሄድን። በምስክርነት ሰዓት የጉባኤው ሽማግሌ ኦቦ ታደሰ፣ "እግዚአብሔር ከአየር የመለሳቸው እኅቶችና ወንድሞች ይነሡ" አሉ። ስድስት ሰው ተነሣ። አምስቱ እንደ ደንቡ አመሰገኑ፤ እኔም የመጣልኝን አልኩ። በመጨረሻ እናቴ ሻሿን አስተካክላ ወደ ማይክራፎኑ ሄደች።

በኦሮምኛ ነው የተናገረችው። "አውሮፕላኑ ተመልሶ ሲነሣ ለአምላኬ ቃል ገብቻለሁ። ልጄን በሰላም መሬት ካስነካህልኝ፣ በአየርም ይሁን በመኪና ከነቀምቴ ሁለተኛ አልወጣም አልኩት። አስነክቶልኛል። እኔም አልወጣም።"

ጉባኤው በአንድ አፍ "አሜን!" አለ። ተጨበጨበ። እልል ተባለ። እኔም አሜን አልኩ! ምስክርነት ሲያልቅ አሜን ይባላላ፣ አፌ ለምዶታል። አሜኑ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ያለችው የገባኝ። ዓርብ። መድኃኒቱ። ዞር ብዬ ሳይ ሰው ሁሉ እንባውን ይጠርጋል። እናቴ እንድትሞት አጨበጨብን እኮ!

በመንገድ ላይ "ሃርሜ፣ ምን ማለትሽ ነው?" አልኳት። "የሰማሽው ነው" አለችኝና ጃንጥላውን ወደ እኔ አዘነበለችው።

ሰኞ

ሕክምናው ቦታ ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው ነርስ "ዓርብ እንዳትቀሩ፣ እባክሽን" አለችኝ። የማላውቃት ሰው እባክሽን አለችኝ።

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ኦቦ ታደሰ ቤት ሄድኩ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ እኔንም አስተምረውኛል። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ "ያንን አሜን መልሱልኝ" አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። "መሠረት፣ ለእኔ የተገባ ቃል ቢሆን ዛሬውኑ እመልሰው ነበር። ለእግዚአብሔር ነው የገባችው፤ ሁለት መቶ ሰው ሰምቶ አሜን ብሏል። ብቻዬን ምን ላድርግ?"

"እንግዲያው ትሙት?"

ደነገጡ። እኔም በራሴ ደነገጥኩ፣ ለኦቦ ታደሰ እንዲህ አይባልም። ይቅርታ ልጠይቅ ስል እሳቸው ቀደሙኝ፤ "ምን ፈርታ እንደሆነ በደንብ ጠይቂያት። እኛ ሳንጠይቅ ነው አሜን ያልነው" አሉ።

ምን ትፈራለች? አውሮፕላኑን ነዋ! ከዚህ የበለጠ ምን ይጠየቃል እያልኩ እየተብከነከንኩ ወጣሁ።

ማክሰኞ

ረፋዱ ላይ ጎረቤታችን ፈይሳን ለምኜ አመጣሁት። አውሮፕላን ማረፊያው የእሳት አደጋ መኪና ላይ ነው የሚሠራው። ቁጭ ብሎ እናቴን አንድ በአንድ አስረዳት፦ "አዴ አያንቱ፣ አብራሪው መሮጫውን ካላየ መነሣት ሥራው ነው፣ ለዚያ ነው የተማረው። የተነሣውን አትፍሪ። ሳያይ ካላረፍኩ የሚለውን ነው መፍራት።" እኔ ራሴ ትንሽ ቀለል አለኝ።

እናቴ በትሕትና ሰማችው። ለልጆቹ በቆሎ አስያዘችው። በር ድረስ ሸኘችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "ሂን ዴሙ" አለች። አልሄድም።

ቆሽቴ አረረ። ጮህኩባት። መጻፍ ያሳፍራል፣ ግን ጮህኩባት። "ዲጋስ? ዲጋ የትውልድ አገርሽ አይደለም? እዚያም አትሄጂም?" አልኩ፣ ለማላገጥ ያህል። "ዲጋማ ስሞት ትወስዱኛላችሁ" አለች፣ ፊቷ ሳይለወጥ፣ ስለ ገበያ እንደሚያወራ ሰው።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ይህች ሴት አውሮፕላን አልፈራችም። አራት ቀን ሙሉ ደህና ትበላለች፣ ደህና ትተኛለች፣ የምባንነው እኔ። ወለሉ ላይ እግሯ ሥር ቁጭ አልኩ። "ሃርሜ፣ በሞቴ፣ እዚያ ላይ ምን ሆነሽ ነበር?"

ነገረችኝ። ቃሏን እንዳለ ልጻፈው።

"እናንተ ስትጮኹ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ተመስገን፣ አለቀ አልኩ። ከመርፌው ተገላገልኩ፣ ከማስመለሱ ተገላገልኩ፣ ልጄም እኔን ከማዘል ተገላገለች አልኩ። ቶሎ አድርገው ብዬ ለመንኩት። ከዚያ 'ሃርሜ' ስትዪ ሰማሁሽ። መሠረት፣ አጠገቤ መኖርሽን ረስቼው ነበር። የራሴን ሞት ስለምን ያንቺንም ጨምሬ ለምኛለሁ። እንዲህ ያለች እናት ልጇን ይዛ ከቤቷ ልትወጣ አይገባትም። ቃሌ ይህ ነው።"

ጉልበቷን አቅፌ አለቀስኩ፣ እሷም አለቀሰች። ከዚያ እኔም የደበቅኩትን አወጣሁ፦ ሐሙስን ባሰብኩ ቁጥር እጄ በላብ እንደሚጠመቅ፣ ክፍል ውስጥ ተማሪዎቹ ፊት ቃል እንደሚጠፋብኝ፣ እሑድ እሷ አልወጣም ስትል ከልቤ ጥግ ትንሽ እፎይ ብዬ እንደነበር። አዎ፣ ይህንንም ነገርኳት። እፎይ ብዬ ነበር። ራሴን ተጸየፍኩ።

"ፈርተሽም ልትወስጂኝ ነበር?" አለችኝ።

"አሥር ጊዜ ተመልሶ ቢነሣም እወስድሻለሁ" አልኳት።

እሄዳለሁ አላለችም። "ኦቦ ታደሰን ጥሪልኝ" ነው ያለችው።

ረቡዕ

የሴቶች ጸሎት ረቡዕ ከሰዓት ነው። ኦቦ ታደሰ አስበው እኛ ቤት እንዲሆን አደረጉ፤ "ቃሉን ሰው ፊት የተናገረች ሰው፣ እውነቱንም ሰው ፊት ትናገር" ብለው። አሥራ አንድ ሴት መጣ። ወንበር ከጎረቤት ተለመነ።

እናቴ ቆመች። ማክሰኞ ለእኔ ያለችውን ሁሉ አለች። "መሞት አምሮኝ ነበር" ስትል ድምፅዋ ተሰበረ፣ ግን አላቆመችም። እኔ በር ላይ ቆሜ ፊታቸውን አያለሁ። አሁን ያወግዟታል አልኩ።

ማንም አሜን አላለም። ከዚያ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት አሮጊት፣ ሁልጊዜ ከፊት ተቀምጠው የሚያንቀላፉት፣ "እኔም ልጄን የቀበርኩ ጊዜ ሦስት ዓመት ሙሉ ሞቴን ስለምን ነበር። ለማንም ተናግሬ አላውቅም" አሉ። ሌላዋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ እነዚህን ሴቶች ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው ይመስለኝ ነበር።

ኦቦ ታደሰ ተነሡ። "እሑድ ያጠፋነው እኛ ነን። ምስክርነት ሲሰጥ ጆሯችን ሳይሰማ አፋችን አሜን ይላል። አያንቱ፣ በሐዘን የገባሽውን ቃል አምላክ ዕዳ አድርጎ አይይዝብሽም፣ እኔ እንደዚህ ነው የማምነው። አሁን ምን እንጸልይልሽ?"

እንድድን ጸልዩልኝ የምትል መስሎኝ ነበር። እሷ ግን፣ "መኖር እንደ ድሮው እንዲያምረኝ" አለች። "እግሬ ይሄዳል፤ ልጄ ትወስደዋለች። ልቤ ግን አልመጣም።"

አሁን በቀስታ፣ አንዷ ስታቆም ሌላዋ እየቀጠለች፣ አሜን አሉ። እኔም ሰምቼ አሜን አልኩ።

ትንሽ ሻንጣ አዘጋጅቻለሁ። ሁለት ቀሚስ፣ የሱፍ ካልሲዋ፣ የምርመራ ወረቀቶቹ፣ ለማስመለሷ ፌስታል። ሹራቧን እሷ ራሷ አምጥታ ጨመረችው፣ ምንም ሳትናገር።

ሐሙስ

አዲስ አበባ፣ ሕክምናው አጠገብ ያለ ማረፊያ ቤት። ከቀኑ አሥር ሰዓት።

ጠዋት ነቀምቴ ጭጋግ ነበር፣ አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅን። ፈይሳ ከመኪናው ላይ ሆኖ እጁን አወዛወዘልን። ደረጃው ላይ እግሬ እምቢ አለኝ፣ እውነቴን ነው፣ አልነሣ አለኝ። ከኋላ የነበረችው እናቴ ናት ጀርባዬን ገፋ ያደረገችኝ።

ሲነሣ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሷ በመስኮቱ ታያለች፣ እጆቿ ጭኗ ላይ፣ ፊቷ ጸጥ ያለ። ያ ጸጥታዋ ነው ያስፈራኝ፣ ከአውሮፕላኑ ይልቅ። ምን እየለመንሽ ነው ብዬ ልጠይቃት ፈለግኩ፣ አልደፈርኩም። እዚያው ናት፣ አልተመለሰችም፣ ልቧ አልመጣም እያልኩ መንገዱን ጨረስኩት።

አዲስ አበባ ስንቃረብ ጥቁር ደመና ውስጥ ገባን። መንገጫገጭ ጀመረ። ከዚያ አንድ ጊዜ ዱብ! ወደ ታች፣ ከላይ ያለው ሻንጣ ሁሉ ተንኳኳ። እኔ አፌን ሳልከፍት ክንዴን አንድ ነገር ነከሰኝ። የእናቴ ጥፍር ነው። ዓይኖቿ ፈጥጠዋል፣ ሻሿ ተንሸራትቷል፣ በአማርኛ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣

"መሠረት! ይህን ሰውዬ ቀስ በል በይው! ነገ መድኃኒት አለብኝ!"

ከፊታችን ያሉት ሰዎች ዞረው አዩን። ሳቅ መጣብኝ፣ ከሳቁ ጋር እንባው መጣ፣ ማቆም አቃተኝ። "ምን ያስቅሻል? ልንሞት እኮ ነው!" ብላ ተቆጣችኝ። ጎማው መሬት እስኪነካ ክንዴን አልለቀቀችም። እኔም እንድትለቀኝ አልፈለግኩም።

ክንዴ ላይ አራት ቦታ ቀልቷል። እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ስለዚያ አብራሪ ለፈይሳ በስልክ ክስ እያቀረበች ነው። ደሟ በቂ ይሁን አይሁን ነገ ጠዋት ነው የሚታወቀው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ደግሞ ሐኪሙም አያውቅም። ዛሬ ግን እናቴ መሞትን ፈራች።