የላጩኝ ሽማግሌ ጺም

ወዳጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? መፍራትም ይታክታል ለካ! አሸባሪዎች የመርዝ ጋዝ ሊለቁ ነው ተብሎ እዚህ አገር ለሰው ሁሉ የጋዝ ጭንብል እየታደለ ነው። ጭንብሉ ጺም ካለ በደንብ አይገጥምምና ወንዱ በሙሉ ፀጉር ቤት ተሰልፏል። እኛ ሰፈር እንዲህ የሚሰለፉት ሚዜዎች ናቸው፣ ያውም እየተሳሳቁ፤ እዚህ ግን የሚያወራ የለም። እኔም ተላጨሁ። የላጩኝ ሽማግሌ ግን ጺማቸው ደረታቸው ድረስ ወርዷል። «እርስዎስ ጋሼ?» ብላቸው፣ «እኛ ቤት አንድ ጭንብል ጎደለ፤ ልጆቹ ይቅደሙ አልኩ» አሉኝ፣ ምላጩን እየጠረጉ።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። ሰፈሩን ሰላም በልልኝ። እናቴን ሳምልኝ፤ ተላጭ እያለች ስትጨቀጭቀኝ አልነበር? ተላጨ በላት። ለምን እንደሆነ ግን፣ አደራ፣ እንዳትነግራት።