ያልተከፈተ አደራ

ቡርንስቪል፣ ሚኒሶታ፣ አሜሪካ፣ ነሐሴ 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ሀሲባ። አሰላሙ ዐለይኩም፤ አንቺም ልጆችሽም እማዬም በአላህ ጥበቃ ደህና ናችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የነሐሴ ሙቀት ብቻ አላስቀምጥ ብሎናል።

ለልጅሽ ለከድሪያ ኒካህ የቀረሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። ደግሞ ጎረቤቴ ቦጋለ፣ ሶማሊያ ለዘመተው ወንድሙ አንዲት የታሸገች ዕቃ "መነጽር ናት" ብሎ አደራ ሰጥቶኝ ነበር። የሰው አደራ ከፍቶ ማየት ነውር ነው ብላ አይደል እማዬ ያሳደገችን? ሳልከፍት ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኳት። ኤርፖርት ላይ ሲፈቷት የጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽር ሆና ተገኘች። እንዲህ ያለ ዕቃ ጦርነት ውስጥ ወዳለ አገር ያለ ፈቃድ አይላክም አሉ።

የመንግሥት ሰዎቹ ጨዋዎች ናቸው፤ ሁለቴ ቤት ድረስ መጥተው ሻይ ጠጥተዋል። ፓስፖርቴም እነሱ ዘንድ ነው፤ ቢያንስ አይጠፋም። ከሚኒሶታ ሳታስፈቅድ አትውጣ ስላሉኝ ታክሲዬን ድራይቭ የማደርገው እዚሁ ነው፤ ድሮስ የት እሄዳለሁ? ቦጋለ ስልክ ማንሳት ትቷል። ልጄ ቱባ ሻንጣውን አንፓክ ላድርገው፣ ልብሱን ላውጣው ትለኛለች፤ እኔ ግን በሩ አጠገብ ይቆይ ብያለሁ።

እማዬ ለምን ቀረ ካለችሽ፣ በረዶ መንገድ ዘግቶበት ነው በያት፤ እዚህ በጋ መሆኑን እሷ አታውቅም። ዱዓችሁ አይለየኝ።

ወንድምሽ ፈዋዝ