የፓቱዋዳን ቤት በኩር፦ የወይዘሮ አሩአይ (ወለተ ሥላሴ) የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አሩአይ ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙኒና ከአባታቸው ከአቶ ኩይ እ.ኤ.አ. በ1968 በደቡብ ታይዋን ተራራ ላይ፣ ፓቱዋዳን በሚባል የድንጋይ ቤት ተወለዱ። በእነሱ ዘንድ ሰው የሚጠራው በአባቱ ሳይሆን በተወለደበት ቤት ስም ነው። ሴትም ትሁን ወንድ፣ ቤቱንና ስሙን የሚረከበው በኩሩ ነው። በኩሯ እሳቸው ነበሩ።

ሴት አያታቸው «የማን ወገን ነሽ?» ሲባሉ የመንደራቸውን ስም ብቻ ይናገሩ ነበር። ጃፓን ሲገዛቸው የጃፓን ስም ወጣላቸው። ቻይናዎቹ ሲመጡ ደግሞ ለቤተሰቡ በሙሉ የቻይና ስም ታደለ፤ ወይዘሮ አሩአይም ትምህርት ቤት የገቡት በዚያ ስም ነው። ለሁሉም መንደር የጋራ የሆነው «ፓይዋን» የሚለው የነገዱ ስም ከልባቸው የገባው፣ ወጣቶቹ «ስማችንን መልሱ!» ብለው አደባባይ ሲወጡ አብረው ወጥተው ነው።

በ1995 ከመንደራቸው የጭፈራ ቡድን ጋር ወደዚህ አገር፣ ዴን ሃግ ከተማ መጡ። ቡድኑ ሊመለስ ሲል ትርፍ አንጀታቸው ተነሣና ሆስፒታል ቀሩ። እዚያ ወለል ይወለውል የነበረው ወንድማችን ወልደየስ፣ በአገሩ አንበሳ እያለበ እንዳደገ በእጁ ምልክት አስረዳቸው። ስፌታቸው እስኪፈታ ሳቁ። ሐኪሙ እንደገና ሰፋቸው፤ እዚህ አገር ያስቀራቸውም ያ ሁለተኛው ስፌት ነው።

በ1997 ሮተርዳም ክርስትና ተነሥተው፣ ወለተ ሥላሴ ተብለው ከወልደየስ ጋር ተጋቡ። የማኅበሩ እናቶች «ኧረ ይቺ ልጅ የማን ወገን ናት?» እያሉ ወልደየስን ቢያስጨንቁት፣ «የንግሥተ ሳባ መርከበኞች ነፋስ አሳስቷቸው ታይዋን ደርሰው የወለዷት ናት» አላቸው። እትዬ ኤልፍነሽ፣ «እኔማ አፍንጫዋን ሳይ ጠርጥሬ ነበር!» አሉ። በዚያው «ሳባ» ሆነው ቀሩ። «ወልዴ፣ የቤቴን ስም ሳላወርስ ሌላ ጫንክብኝ» ይሉት ነበር፤ እየሳቁ፣ ግን ሳይስቁ።

ኦስዶርፕ የሚባል ሰፈር ገብተው ሳያትንና ቅዱስን ወለዱ፤ ለረጅም ዓመታትም በየቤቱ እየዞሩ አረጋውያንን ሲንከባከቡ ኖሩ። ታናሽ ወንድማቸው ቻማክ በየመከሩ ይደውላል፦ «እታለም፣ ምድጃው ቀዝቅዟል። ባንቺ ቦታ ግን አልቀመጥም።» በ2009 ተራራው በጎርፍ ሲናድ መንደሩን ሜዳ ላይ አሰፈሩት፤ ቤቱ እላይ ብቻውን ቀረ። ቤተሰቡን ከቤቱ ጋር የሚያያይዘው ስሙ ብቻ ሆነ። በኩራቸውን ሳያትን «ስሙን ተረከቢኝ» ቢሏት፣ «ማማ፣ አንቺ ራስሽ ጥለሽው የመጣሽውን ቤት ለእኔ? ኔ ሆር፣ አይሆንም!» አለቻቸው። ሁለተኛ አልጠየቋትም።

በ2023 ሳንባቸው ታመመ። ከኦክስጅን ማሽን ጋር ታስረው ይውሉ ነበር፤ ቱቦው መስኮቱ ጋ ይደርሳል፣ በሩ ጋ አይደርስም። «መሄዱም መቅረቱም በር የለውም» እያሉ መስኮቱ ሥር ይቀመጡ ነበር። ባለፈው መከር ቻማክ ሲደውል መናገር አቃታቸው። ስልኩን ሳያት ተቀበለች። «ማን ልበል?» አለ። እናቷን አየቻቸውና፣ «ሳያት። ሳያት ፓቱዋዳን» አለች። አጎቷም፣ «እንግዲህ ምድጃው ያንቺ ነው፤ እኔም የምታዘዘው አንቺን ነው» አላት። እናቷ ቱቦውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው ሳቁ። ሳያት ግን ኮሪደር ወጥታ፣ «አባ፣ ምን እንደተሸከምኩ እንኳ አላውቅም» ብላ በወልደየስ ትከሻ ላይ አለቀሰች።

ወይዘሮ አሩአይ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 6 ቀን 2025 በተወለዱ በ57 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸው አቶ ወልደየስ፣ ልጃቸው ቅዱስ፣ ወንድማቸው ቻማክ፣ የቤቱም ባለቤት ሳያት ፓቱዋዳን ከኋላቸው ቀርተዋል።

ዕድሜዋን ሙሉ «የማን ወገን ነሽ?» ስትባል የኖረችውን ነፍሳቸውን፣ እግዚአብሔር ሳይጠይቃት በመጀመሪያ ስሟ ይጥራት፤ ቱቦው በማይይዛት በር ያስገባት። አሜን።