ኤርባግ የሌላትን መኪና ስላሳለፋችሁልኝ

ለተከበሩ የቀና ጎዳና የተሽከርካሪ ምርመራ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም አንዲትን መኪና ከጎማ እስከ ጣሪያ በአሥራ አንድ ደቂቃ መርምረው የሚጨርሱት ባለሙያዎችዎ፣ በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ እመኛለሁ። ፈለቀች አበጋዝ እባላለሁ፤ የለሚ ኩራ ነዋሪ ነኝ። ባለቤቴ ረታ በመኪና አደጋ ካረፈ ሰባት ዓመት ሆኖታል። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ስለ መኪና የተጻፈ ነገር ባገኘሁ ቁጥር፣ የማይገባኝን ቃል ደብተር ላይ እየጻፍኩ፣ ቀስ ብዬ አነባለሁ።

ባነበብኩት መሠረት የዛሬ መኪና ሰውን መጠበቅ የሚጀምረው ከአደጋው በፊት ነው። ፊቱ የቆመ ነገር ሲያይ ሹፌሩን ያስጠነቅቃል፤ ሹፌሩ ከዘገየ ራሱ ፍሬን ይይዛል። ግጭቱ አልቀር ካለ ቀበቶው ሰውየውን ወደ ወንበሩ ስቦ ያጠብቀዋል፣ ኤርባጉም ዓይን ተከድኖ ሳይገለጥ ይነፋል። ከግጭቱ በኋላም ሥራው አያበቃም፤ ነዳጁን ይዘጋል፣ የተቆለፈውን በር ይከፍታል፣ አንዳንዱም ያለበትን ቦታ ተናግሮ እርዳታ ይጠራል። እኛ ዘንድ ይህን ሁሉ የሚተካው የእናንተ ማኅተም መሆኑን ስረዳ ለማዕከሉ ያለኝ አክብሮት እጅግ ጨመረ። ከዚሁ አክብሮት በመነሣት ጥቂት ቅሬታዎች ለማቅረብ እደፍራለሁ።

1. ከበራችሁ ፊት ለፊት ያለው ሱቅ የእሳት ማጥፊያና ደህና ጎማ ለግማሽ ሰዓት ያከራያል። ባለመኪናው ተከራይቶ ይገባል፣ ቦሎውን ለጥፎ ይወጣል፣ ዕቃውን ይመልሳል። እሳት ግቢያችሁ ውስጥ ቢነሣ በቂ መከላከያ እንዳለ አልጠራጠርም፤ እሳቱ ያችን ግማሽ ሰዓት ጠብቆ እንዲነሣ የሚያደርግ ቴክኖሎጂ ግን በየትኛውም ጽሑፍ አላገኘሁም።

2. የመኪናን የውስጥ ብልሽት የሚያነብ መሣሪያ ጠረጴዛችሁ ላይ አይቻለሁ። ፕላስቲኩ ገና አልተገፈፈም። ስለ ንብረት አያያዛችሁ አመሰግናለሁ።

3. ይህኛው ስለ መኪናዬ ነው። መጀመሪያ ያጠፋሁት እኔ ስለሆንኩ ከራሴ እጀምራለሁ። ረታ ከማረፉ ስድስት ወር በፊት ገርጂ አካባቢ ከሚኒባስ ጋር ተጋጭቶ የመሪው ኤርባግ ፈነዳ፤ እርሱ ከንፈሩ እንኳ ሳይቧጨር ወጣ። ጋራዡ የፈነዳውን አውጥቶ ክዳኑን ባዶው ላይ አጣብቆ መለሰልን። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው፣ የኤርባጉን ጉድለት የምትናገረው ቀይ መብራት ግን አልጠፋ አለች፤ ረታም ትክክለኛው ዕቃ እስኪገኝ መኪናዋ ትቁም አለ። እኔ ደግሞ ደብረ ብርሃን የእህቴ ልጅ ሰርግ ነበረብኝ። ቶሚ የሚባል ኤሌክትሪሺያን ቤት ድረስ አስመጥቼ መብራቷን እንዲያጠፋልኝ ለመንኩት። “እትዬ፣ የሚጠፋው መብራቷ ነው በሽታዋ?” አለኝ። መብራቷ አልኩት። ከዘይት መብራቷ ጋር አገናኝቶ፣ ሞተር ሲነሣ እንደ ጤነኛ ብልጭ ብላ እንድትጠፋ አደረጋት። ለረታ ተሠርታለች አልኩት። አመነኝ።

ብዙም ሳይቆይ እናንተ መርምራችሁ አሳለፋችኋት። ከዚያ ረታ በአያት መንገድ፣ መብራት ሳያበራ ከቆመ የጭነት መኪና ኋላ ገባ። ቀበቶውን አስሮ ነበር። መሪው ደረቱን መታው። ያን ጊዜ እናንተን የምወቅስበት አፍ አልነበረኝም።

ቆርቆሮዋና ሞተሯ ተጠገነ፤ መሪዋ ባዶ እንደሆነ መኪናዋ ግቢዬ ውስጥ ሸራ ለብሳ ዓመታት ቆመች። ባለፈው ወር ጎረቤቴ አቶ ሰዲቅ ልግዛት አሉኝ። ከመሸጤ በፊት ወደ እናንተ ላክኋት። እውነቱን ልናገርና፣ የላክኋት እንድትወድቅ ነው፤ ሰባት ዓመት ከአፌ አልወጣ ያለውን ነገር የእናንተ ወረቀት እንዲናገርልኝ ፈልጌ ነበር። በአሥራ አንድ ደቂቃ አለፈች። እኔም ዝም ብዬ የሽያጩ ውል ላይ ፈረምኩ።

አሁን የምትነዳት ሴት ልጃቸው ሱሀይላ ናት፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ሁለት ወሯ ነው፣ በየቀኑ ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ወዳለው መሥሪያ ቤቷ ትሄድባታለች። ይህን ሳይ እንቅልፍ አጣሁና ባለፈው እሑድ ሄጄ ሁሉንም ለአባቷ ነገርኳቸው። በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ የእናንተን ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ። “እትዬ ፈለቀች፣ ሐዘኑ ገና አልወጣልዎትም። ይኸው ማኅተም አለው እኮ” አሉኝ። መኪናዋን መልሱልኝ ብላቸው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሸኙኝ።

እንግዲህ የሃያ ዓመት ጎረቤትን ቃል የሚያሸንፍ ማኅተም ስላላችሁ እንኳን ደስ ያላችሁ። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያው ማኅተም መኪናዋን አስጠርታችሁ፣ መሪዋን ፈትታችሁ፣ ውስጡን ለአባትና ለልጅ አሳዩልኝ። አላለፈችም ብላችሁ ጻፉ። የእኔን ቃል አላመኑትም። አጥፊው ይጻፍ ከተባለ የእኔን ስም አስቀድሙ፤ የእናንተን ከሥሩ ብታደርጉት ቅር አይለኝም።

ሱሀይላ ከሥራ እስክትመለስ በየማታው የራሷን በር ከፍታ የምትቆም፣ የማዕከላችሁ ትሑት ደንበኛ፣

ፈለቀች አበጋዝ
ለሚ ኩራ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ማክሰኞ ሃያ ሁለት ሰፈር፣ ታክሲ ውስጥ ሆኜ፣ በአዲሷ መኪናዎ ሲያልፉ አይቼዎታለሁ። ትራፊክ ፖሊሱን ሲያዩ ቀበቶውን በእጅዎ ስበው ደረትዎ ላይ ያዙት፣ እርሱን አልፈው ለቀቁት። እንዲህ ያለች መኪና ቀበቶ ካልታሰረ ትጮኻለች ሲባል አንብቤ ነበር። እንዴት ዝም እንዳሰኟት መጠየቅ የእኔ ድርሻ አይደለም፤ ባለቤትዎ ያውቁ እንደሆነ ግን ብጠይቅ ይቅር ይበሉኝ።