ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ያለው ጨው

ዕድሜሽ ይርዘም፣ ጤናሽ እንደ ዓለት ይጽና ልጄ። እኔ ደህና ነኝ። ጣሪያው ማፍሰሱን ትቷል፤ ዝናቡ ስላቆመ ነው።

አባትሽ ካረፈ ሦስት ወሩ። ሠላሳ ዓመት «ጨው ቀንስ» ስለው «አንቺ ምላስሽን ቀንሺ» ሲለኝ የኖረ ሰው፣ የጤና ጣቢያው ነርስ አጠገቡ ቁጭ ብላ «አባባ፣ ምን ምን ይወዳሉ?» ብላ ጠይቃ፣ ሰምታው ስታበቃ «ጨው ቢቀንሱ» ብትለው፣ የዚያኑ ዕለት የጨው ዕቃውን ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሰቀለው። እሱ ረጅም፣ እኔ ድንክ፤ የተከለከልኩት እኔ ነኝ። የደም ግፊቱ ወርዶለት ነበር፤ ልቡ ግን ቀድሞ ደክሟል።

ጎረቤታችን «ላውርድልዎት?» ቢለኝ እምቢ አልኩት። አባትሽ በእጁ ያስቀመጠው ነው። ያለ ጨው እየበላሁ ነው።

አንቺም የአባትሽ ልጅ ነሽና እኔን አትሰሚኝም። እባክሽ፣ እዚያ ቁጭ ብላ የምትጠይቅሽ ነርስ ፈልጊና ግፊትሽን ተለኪ። ፈጣሪ በጊዜ የሚሰማ ጆሮ ይስጥሽ።

እናትሽ