አባቴ ያላሉት ቃል

ባንዱንግ፣ እሑድ ማርች 12 ቀን 2023

ለተከበሩ አባቴ ለካርሶረጆ፣

የአላህ ሰላም ለእርስዎና ለእናቴ ይሁን። የእናቴ ጉልበት እንዴት ነው? ዝናቡስ ጋብ አለ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል እበላለሁ፣ እተኛለሁ ማለቴ ነው፤ ሌላውን ከዚህ በታች ያነቡታል።

ስልክ ትቼ ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምዎ አይቀርም። በስልክ ስናወራ ሁልጊዜ «መስመሩ ጥሩ አይደለም» ይሉና ለእናቴ ይሰጧታል። መስመሩ ደህና ነው፣ አባቴ። ይህን ካወቅሁ ሰባት ወር ሆነኝ፤ የማፍረውም በዚሁ ነው።

የመመረቂያ ጥናቴ ስለ እርስዎ ቅኝት መሆኑን ያውቃሉ። ባለፉት ዐሥር ዓመታት የቃኟቸውን ዐሥራ አንድ ጋሜላኖች፣ እነዚያን የነሐስ መሣሪያ ስብስቦች፣ በየመንደሩና በየትምህርት ቤቱ እየዞርኩ ድምፃቸውን ቀድቼ በኮምፒውተር ለካሁ። ደወል መሰሎቹ ትልልቅ ጎንጎች ንቅንቅ አላሉም። ቀጭን ድምፅ ያላቸው ትንንሾቹ የነሐስ ሰሌዳዎች ግን ከዓመት ዓመት ትንሽ በትንሹ ወደ ላይ ሸሽተዋል። እንዴት ደስ እንዳለኝ! «የአንድ ቃኚ ጣዕም እንዴት እንደሚለወጥ» ብዬ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጻፍኩበት።

ኦገስት ላይ የልኬቱን ስዕል አብሮኝ ለሚኖረው የሕክምና ተማሪ ለታክዲር አሳየሁት። ገና ሲያየው፣

«አባትህ ስንት ዓመት ነሐስ ቀጠቀጡ?» አለኝ።

«አርባ።»

«እንግዲያው ይሄ ጣዕም አይደለም ወንድሜ፤ ጆሮ ነው፤ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው። ሳይብስባቸው ሐኪም ይያቸው።»

ኮምፒውተሩን ከደንኩት። ለአባቴ ከነገርኩ የሁለት ዓመት ልፋቴ ምን ሊሆን ነው? ያሰብኩት ይህንን ነው፤ ስለ ጆሮዎ አልነበረም።

ኖቬምበር ላይ ያዘዙን ሰዎች አዲሱን ጋሜላን ጭነው የመለሱ ዕለት እኔም ግቢው ውስጥ ነበርኩ። አብራቸው የመጣችው ዘፋኝ «ኧረ ይሄ ነገር ኮምጥጧል! ድምፄን የት ላሳርፈው?» ስትል ሰው ሁሉ ሳቀ። ፊትዎ ተለዋወጠና «ከእኔ በኋላ ማነው እነዚህን ሞርዶ ቅኝታቸውን ያጠፋው?» አሉ። ሠላሳ ዓመት ከጎንዎ ያልተለየው ረዳትዎ አጎቴ ሳርጂማን ሞረዱን መሬት አስቀምጦ፣ «እኔ ነኝ ጋሼ፤ እጄ ስቶ ነው» አለ። በዚያው ቀን አሰናበቱት። ስዕሉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም። ዕቃውን ሲሰበስብ ላለማየት እንኳ ኩሽና ገብቼ ለእናቴ ሽንኩርት ስልጥ ቆየሁ።

ባለፈው ሐሙስ ጥናቴን ለፈታኞች አቀረብኩ። ወደዱት። በመጨረሻ ፀጉራቸው የሸበተው ዶክተር ኤንዳህ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ አባትህን ጠይቀሃቸዋል? እሳቸውስ ምን ይላሉ?» አሉኝ።

«ጠይቄያቸዋለሁ። ‹አሁን አሁን ደመቅ ያለ ድምፅ ነው የሚያምረኝ› ብለውኛል» አልኩ።

አዳራሹ አጨበጨበ። አባቴ፣ እርስዎ እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። እዚያው እንደቆምኩ የፈጠርኩት ነው።

ከአዳራሹ ወጥቼ ለአጎቴ ሳርጂማን ደወልኩ። ጡብ መተኮሻ ገብቶ ይሠራል።

«ሳትነካቸው ለምን ነካሁ አልክ?» ስለው ሳቀብኝ።

«ታዲያ ያን ሁሉ ሰው አቁሜ ‹ጋሼ፣ አይሰሙም› ልበላቸው? አንተም እኮ መለኪያህን ይዘህ ከርመህ ዝም ብለሃል። እኔማ ለክብራቸው ብለህ መስሎኝ ‹እሰይ የእኛ ልጅ› ብዬህ ነበር።»

ስልኩን ዘጋሁ።

ዓርብ ጠዋት ዶክተር ኤንዳህ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ተናገርኩ። ብዙ አልተቆጡም። ውጤቴ ተይዟል። ምዕራፉን አውጥቼ እንደገና ካልጻፍኩ ዲግሪው ይቀራል፤ ስምዎም ከእንግዲህ ያለ ፈቃድዎ አይገባበትም።

ጾም ሊገባ ዐሥር ቀን ያህል ቀርቶታል። የአያቶቼን መቃብር ለማጽዳት ቅዳሜ በባቡር እመጣለሁ፤ ለሰኞ ሶሎ ከተማ ከአንድ የጆሮ ሐኪም ቀጠሮ ይዣለሁ። በዚህ ሰሞን ሁሉም ሰው ሁሉንም ይቅርታ ይጠይቃል፤ እኔ ግን ከዚያ ግርግር በፊት ብቻዎን አግኝቼ ጉልበትዎ ላይ መውደቅ እፈልጋለሁ። አጎቴን ሳርጂማንን ግን እኔ ልመልሰው አልችልም። እሱ የሚፈልገው የእርስዎን ቃል ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ጁላይ ላይ፣ ልታጠብ የሄድኩ መስሎዎት ሳለ፣ በመስኮት አየሁዎት። የትንሿን ሰሌዳ ጫፍ በጥርስዎ ነክሰው፣ ዓይንዎን ጨፍነው፣ በቀስታ መቷት። ደግመው መቷት። እኔ ማስታወሻዬ ላይ «የጥንት የመቃኛ ዘዴ ይመስላል፤ ይጠየቁ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሳልጠይቅዎ ቀረሁ። ለካ ጆሮዎ የማይሰማውን ድምፅ በጥርስዎ እየፈለጉት ነበር። አሁን ልጠይቅዎ፦ ይህን ነገር ብቻዎን ከያዙት ስንት ጊዜ ሆነዎት?

አላህ ጤናዎን ይጠብቅልኝ፤ እኔንም ለዓይንዎ ያብቃኝ።

ልጅዎ
ፕራሶጆ