ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞርነው ሥዕል

የኔው ተስፋዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን በደንብ አወጣን፤ ከሰኮሩ ዘመዶቼ ሳይቀሩ መጥተው ነፍስ ይማር ብለውልሃል። እኔ ደህና ነኝ። የልብስ ስፌት ሥራዬን አልተውኩም፣ ጉልበቴ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ቦሳ አዲስ በኩል ሰው ሁሉ ፎቅ መሥራት ጀምሯል፤ አንተ ከቡና ዛፍ በላይ የሚቆም ነገር አትወድም ነበርና ባታየውም አይቆጭህ። ልጃችን ሔለን ደግሞ ተዳረች። የምጽፍልህም ለዚሁ ነው፤ በሠርጓ ላይ ያደረግኩትን ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው እኔው ልንገርህ ብዬ።

ከፖላንድ የመጣህ ጊዜ ትዝ ይልሃል? መንግሥት በተለወጠ ማግሥት፣ ሁሉም ሰው ግራ በተጋባበት ሰሞን። ስድስት ዓመት ውጭ ተምሮ የሚመጣ ሰው ቴሌቪዥን ይዞ ይመጣል ብሎ ሰፈሩ ሲጠብቅ፣ አንተ ሁለት ሻንጣ መጽሐፍና አንድ ጥቅል ሥዕል ይዘህ ከአውቶቡስ ወረድክ። እናቴ ይህን ነው ስድስት ዓመት የጠበቅሽው ብላ ታዘበችኝ። ተጋብተን ቤት ስንይዝ ሥዕሉን ሳሎን ሰቀልከው፤ ገበሬዎች በአንድ ጎጆ ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲጨፍሩ፣ መሃላቸው ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሴት። ዳንኪራ ከእመቤታችን ሥዕል ጎን አይሰቀልም ብዬ ስንት ቀን ተጣላን። ኋላ ትንሽ ዝቅ አደረግከውና ታረቅን።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከመጽሐፎችህ አንዱን ትገልጥና ወደ አማርኛ እየመለስክ ታነብልኝ ነበር። ለምን ሁልጊዜ ሠርግና ጭፈራ እንደምትመርጥልኝ ይገርመኝ ነበር። ፖላንድን ሦስት ጎረቤቶች ተካፍለው ከካርታ ሲያጠፏት ለሰዎቹ የቀራቸው ቋንቋቸው፣ ጸሎታቸውና ጭፈራቸው ነው ትለኝ ነበር። ስለዚህ ደራሲው ስለ አገሩ መናገር ሲፈልግ ሠርግ ይደግሳል። በአንዱ መጽሐፍ የተጣሉት ጨፍረው ይታረቃሉ፤ በሌላው መቆም አቅቷቸው ደንዝዘው ይዞራሉ። ሠዓሊዎቹም እንደዚያው። አንድ የቤተ ክርስቲያን ሥዕልማ አሳይተኸኝ ነበር፤ ሞት ራሱ ንጉሡንም ጳጳሱንም ገበሬውንም አያይዞ ሲያስጨፍር። አማትቤ መጽሐፉን ዘጋሁት። የኛ ሳሎን ያሉትም ሐዘንተኞች ናቸው ስትለኝ፣ ሰው ሲያዝን ደረቱን ይመታል እንጂ ይጨፍራል ወይ ብዬ ሳቅኩብህ።

ሞት ይርሳኝ፣ ያቺን የወላጆች ቀን ሳላነሣት። በምታስተምርበት ትምህርት ቤት ተማሪዎችህን ፖላንዶቹ ፖሎኔዝ የሚሉትን ጭፈራ አስተምረህ ነበር። ጥንድ ጥንድ ሆኖ መራመድ፣ በየሦስተኛው እርምጃ ሸብረክ ማለት፣ ከፊት ትልልቆቹ ይመራሉ። ይሄማ ታቦት መሸኘት ነው እያልኩ አሾፍኩብህ። መሪዎቹ እኔና አንተ እንድንሆን አስበህ ኖሯል። በሰው ሁሉ ፊት መጥተህ እጅህን ዘረጋህልኝ። እስክስታ ቢሆን እሺ፤ ባልና ሚስት በአደባባይ እጅ ለእጅ ተያይዞ መንጎራደድ ግን ለኔ ነውር ነበር። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ዞር በልልኝ አልኩህ። ከዚያ ብቻህን ከፊት ሆነህ፣ የሆነ ሰው የያዝክ ይመስል እጅህን ዘርግተህ መራሃቸው። ቤት ስንገባ አንድም ክፉ ቃል አልተናገርከኝም፤ ራትህን በላህ፣ የሔለንን የቤት ሥራ አየህላት። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ሳፍር ስኖር አንድም ቀን ይቅርታ አልጠየቅኩህም።

ስታርፍ የዕድር ሴቶች ገብተው ቴሌቪዥኑን በነጠላ ሸፈኑ፤ ሥዕሉንም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞሩት። ለቅሶ ቤት ጭፈራ አይታይም። ልክ ናቸው ብዬ ተውኩት፣ ዓመት አልፎም መልሼ አላዞርኩትም። ሔለን ለሐዘናችን ብላ ሠርጓን አንድ ጊዜ ገፍታዋለች። ከኔ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባባ ሊመራልኝ የነበረውን ጭፈራ አንቺ ምሪልኝ አለችኝ። ጨነቀኝ። ከል የለበሰች ሴት ስትጨፍር ሰው ምን ይላል? ደግሞስ አንተን እምቢ ያልኩትን ዛሬ ብጨፍረው አንተ ምን ትለኛለህ? ሦስት ቀን መልስ ነሣኋት።

በሦስተኛው ቀን ሳሎኑን ለእንግዳ ስናዘጋጅ ሥዕሉን አዞርኩት። አቧራውን በነጠላዬ ጠርጌ ቀና ብዬ አየሁት። ይህን ያህል ዓመት በፊቱ እያለፍኩ ፊታቸውን አይቼ አላውቅም ለካ። አንዳቸውም አይስቁም። ቀይ ለባሿ ሴት ዓይኗ አብጧል፤ እጇን የያዛትን ሰው ትታ በሩን ነው የምታየው። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለቅሶ ላይ ነበሩ እኮ! አንተ ነግረኸኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁህ። ሔለንን ጠርቼ እሺ አልኳት።

ታዲያ አበላሸሁት። የሙሽራው አባት ኦቦ ገመቹ፣ የአጋሮ ቡና ነጋዴ ናቸው፣ በኦሮምኛ ኮታ፣ በአማርኛም ይምጡ እንጂ ብለው እጃቸውን ሰጡኝ፤ እሳቸውም እንደኔው አያውቁበትም። የፖሎኔዝ ካሴትህ ተከፈተ። በሦስተኛው እርምጃ ሸብረክ ማለት ሲገባን እሳቸው በሁለተኛው አሉ፣ እኔ በአራተኛው። ግራ ስሄድ ቀኝ ሄዱ፣ ከኋላችን ያለው ሰልፍ ተጋጨ፣ የሔለን ቬሎ ተረገጠ። የአጋሮ ሴቶች እልል ብለው በራሳቸው ዘፈን ገቡበትና ሰልፍህ ክብ ሆኖ ቀረ። ሳቅኩ፣ ተስፋዬ። ከሞትክ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። እየሳቅኩ እንባዬ ይወርዳል፣ ማንም አልፈረደብኝም። ለካ ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው የከለከልኩህ።

ይቅር በለኝ። ሔለን ስትወልድ ልጇ ስለ አያቱ መጠየቁ አይቀርም። የተማርክበትን አገር፣ መጻሕፍትህን፣ እሑድ እሑድ ታነብልኝ የነበረውን አንድ ሳላስቀር እነግረዋለሁ። አንቺስ ከእሱ ጋር ጨፍረሽ ታውቂያለሽ ወይ ያለኝ ቀን ግን አልዋሽም። ለመነኝ፣ እምቢ አልኩት፤ እወደው ነበር እለዋለሁ።

ያንተው አልማዝ